ወደ ታች፣ ወደ ግራ

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ግርጌ ድንጋዩ ተፈልፍሎ ያለቀ አሮጌ ካባ አለ። የወረዳው ፖሊሶች ተኩስ የሚለማመዱት እዚያ ነው። በየካቲት አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ዋና ሳጅን የኔነሽ አምስት ጥይት ተኩሳ ዒላማዋን ልታይ ስትራመድ፣ ከኋላዋ የተሰለፉት አሥራ አራት ምልምሎች ደብተራቸውን ገልጠው ይጠብቁ ነበር። ልማድ ነው። እሷ ትተኩሳለች፤ ወረቀቱን ነቅላ ታመጣና «እንዲህ ነው የሚሆነው» ትላቸዋለች፤ አምስቱም ቀዳዳ በአንድ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚሸፈን ይሆናል።

የዚያን ዕለት ያገኘችው ግን አራት ቀዳዳ ብቻ ነው። አንዱ የጥቁሩን ክብ ጠርዝ ነክቷል። ሦስቱ ከክቡ ወጥተው ወደ ታች፣ ወደ ግራ ተንጠባጥበዋል። አምስተኛው ወረቀቱንም አላገኘው።

«ነፋስ ነው» አለች። ነፋስ አልነበረም። ካባው ሦስት ጎኑ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ የምልምሎቹ ደብተር ገጽ እንኳ አልተርገበገበም። አዲስ ወረቀት ሰቅላ ደግማ አምስት ተኮሰች። ባሰ። ከምልምሎቹ አንዷ አንገቷን ደፋች፤ ሌሎቹ የካባውን ግድግዳ አዲስ ነገር እንዳለበት ሁሉ ያዩት ጀመር። የሳቀ የለም። ቢስቁ ይሻላት ነበር።

የኔነሽ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ፖሊስ ሆና ኖራለች። የየወረዳው ፖሊሶች በዓመት አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ ተገናኝተው በሽጉጥ ሲወዳደሩ፣ አራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ የወጣችው እሷ ነች። ወንድም ሴትም ባንድ መስመር ቆሞ ባንድ ዒላማ ነው የሚተኩሰው። ገበያ ስትወጣ ጤፍ ሻጮቹ ሳይቀሩ «ያቻት፣ የማትስተዋ» ይሉላታል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች እንጂ ስሟን ትወደዋለች።

ወሬው ካባው ውስጥ አልቀረም። በሳምንቱ የከተማው ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ይዞ መጣ። እናቷ ገና ከበር ሳይገቡ ነው የጀመሩት።

«ዓይን ነው ልጄ። ባደባባይ አራት ጊዜ እልል የተባለላት ሴት ዝም ብላ ትታለፋለች? ነገ ጸበል እንሄዳለን።»

ሄዱ። ሦስት ጠዋት በባዶ ሆዷ ተጠመቀች። ልቧ ተረጋጋ፤ እንቅልፏም ተመለሰ። ጥይቱ ግን ያው ወደ ታች፣ ወደ ግራ።

አለቃዋ ኮማንደር ተክለሃይማኖት ደግሞ፣ «ጾሙ አድክሞሽ ነው፤ ሲፈታ ይስተካከላል» አሏት። ጾም እኮ በየዓመቱ ትጾማለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ዓይኗን ታየች፤ ነርሷ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ መጨረሻው መስመር ካስነበበቻት በኋላ፣ «ከኔ ዓይን ያንቺ ይሻላል» ብላ ሸኘቻት። የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊው ይስማው፣ ማካሮቭ የሚባለውን ሽጉጧን ወስዶ ፈታታው፤ አጸዳው፤ ገጣጠመው፤ ከዚያ አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ አስደግፎ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሦስቱም መሀል ገቡ።

«ሽጉጡስ ጤነኛ ነው» አላት ዓይኑን ሰበር አድርጎ። የኔነሽ ሽጉጡ ተበላሽቷል ቢላት ኖሮ ታቅፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ የምታውቀውን አንድ ነገር አደረገች፤ መልፋት። የወሩን ጥይቷን በሳምንት ጨረሰችው። በተኮሰች ቁጥር እየባሰ ሄደ። መያዣውን አጥብቃ ጨበጠች፤ ጣቷ ደነዘዘ። ሆን ብላ ወደ ላይና ወደ ቀኝ አነጣጠረች፤ አንዷ መሀል ገብታ ስታስደስታት ተከታይዋ ዒላማውን ስታ ድንጋይ መታች። አንድ ጠዋት ምልምሎቹ ካባው ድረስ ወርደው ሲጠብቋት፣ «ራሴን አሞኛል» ብላ ትምህርቱን ለምክትሏ ለሳጅን አወቀ ሰጠችው። በሥራ ዘመኗ ስትዋሽ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ቤቷ ገብታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ተቀመጠች። አራት ጊዜ ያሸነፈችው ሴት ሌላ ሰው መሰለቻት።

ኮማንደሩ ቢሯቸው አስጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም ጨንቋቸዋል።

«የተወዳዳሪ ስም ወደ ዞን የምልከው ከአንድ ወር በኋላ ነው። አወቀን ልጻፍ እንዴ?»

«ወሩን ይስጡኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊበት?»

ሰላምታ ሰጥታ ዞረች። ከቢሮው ስትወጣ የት እንደምትሄድ አውቃ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈረች። መንገዱ አንጀት የሚያንኳኳ ነው፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ሽጉጥ መያዝ ያስተማሯት ጡረተኛው ኢንስፔክተር ይርዳው ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለው መሬታቸው ላይ ናቸው። ደርሳ ስታያቸው ጎንበስ ብለው የደረቀ ሽምብራ ይነቅላሉ። ቀና ብለው አይዋት።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥነሻል። ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝና እየነቀልን እናወራለን።»

ጫማዋን አውልቃ ገባች። እየነቀለች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጸበሉን፣ ነርሷን፣ የይስማውን የአሸዋ ከረጢት፣ የምልምሎቹን አንገት መድፋት። ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«የት ነው የሚወድቀው?»

«ወደ ታች፣ ወደ ግራ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እሺ» አሉና ሽምብራቸውን መንቀል ቀጠሉ። የኔነሽ ተናደደች። ለዚህ ነው አንጀቴ እስኪናጥ የመጣሁት? አለች በሆዷ።

እቤት ገብተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ግን ሽማግሌው ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። «ሽጉጡን አውጪ። ባዶ መሆኑን አሳዪኝ።» የጥይቱን ካዝና አውጥታ አሳየቻቸው፤ በርሜሉንም ከፍታ አሳየች። ከኪሳቸው አንድ የሽምብራ ፍሬ አወጡና ከአፈሙዙ በላይ፣ ከማነጣጠሪያው ጉብታ ኋላ አስቀመጡት። «ይሄ ሳይወድቅ ምላጩን ሳቢ።»

ሳበች። ጠቅ። ፍሬው አልተነቃነቀም። «ድገሚ።» ጠቅ። ሠላሳ ጊዜ አስደገሟት፤ ሽምብራው ሠላሳውንም ጊዜ ተቀምጦ ቀረ።

«እጅሽ የድሮው እጅሽ ነው» አሉ።

«ታዲያ ምን ሆኜ ነው ጋሼ?»

«ረቡዕ መካነ ኢየሱስ እመጣለሁ። እስከዚያ አንዲት ጥይት እንዳትተኩሺ።»

ረቡዕ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንዲት የጨርቅ ከረጢት በእጃቸው ይዘው መጡ። የኔነሽ ምልምሎቹ በሌሉበት ሰዓት እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ እሳቸው ግን መኪና ዘግይቶባቸው የደረሱት ልክ ትምህርት ሲጀመር ነው። አወቀም አለ። ሽማግሌው ከኮማንደሩ ጋር ተነጋገሩ፤ ከዚያ የኔነሽን ካዝናዋን ተቀበሏትና ጀርባቸውን ሰጥተው ጥይት ሞሉበት።

«ስምንት ናቸው። እንደ ልማድሽ ተኩሺ።»

ሃያ አምስት ሜትር ላይ ቆመች። ተነፈሰች። አነጣጠረች። የመጀመሪያው ጮኸ፤ ወደ ታች፣ ወደ ግራ። ሁለተኛውን ሳበች።

ጠቅ።

ጥይቱ አልጮኸም፤ ሽጉጡም ወደ ኋላ አልተራገጠም። ግን አፈሙዙ የሆነ ሰው በኃይል እንደጎተተው ሁሉ ወደ መሬት ተደፋ። ዓይኖቿም ተጨፍነው ነበር፤ ስትገልጣቸው ነው ያወቀችው። የገዛ እጇ ሽጉጡን ወደ ታች፣ ወደ ግራ ይዞት ሄዷል። አሥራ አራቱ ምልምሎች አይተዋል። አወቀ አይቷል።

ጋሼ ይርዳው ቀረብ ብለው በርሜሉ ውስጥ የነበረውን ጥይት አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። ባሩድ የሌለው ባዶ ቀለህ ነው፤ በአረሩ ቦታ በቢላ የተጠረበች የወይራ እንጨት ተሰክታበታለች። ከከረጢታቸው ውስጥ ሌሎችም ነበሩ፤ ሦስት ቀን ቁጭ ብለው የጠረቧቸው።

«ሽጉጡ ሲጮህ የእጅሽ ሽሽት አይታይም፤ በርግጫው ውስጥ ይደበቃል» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሽጉጡ ዝም ሲል ግን ይኸው። ጥይቱ ሳይወጣ ነው የምትሸሺው። መቼ ነው የደነገጥሽው?»

«እኔ? አልደነገጥኩም።»

«የኔነሽ።»

መሬት መሬት አየች። ከዚያ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረው ሳምንት የሆነው ነገር ከነሽታው መጣባት። እዚሁ ካባ ውስጥ ነበር። አንድ አሮጌ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀለሁ ተሰንጥቆ፣ የጋለ ባሩድ ወደ ኋላ ፊቷ ላይ ተፋ። ጆሮዋ ጭው አለ። ለአንድ አፍታ ምንም አልታያትም፤ በዚያች አፍታ ያሰበችው የሦስት ዓመት ሴት ልጇን ነው፤ ፊቷን ዳግመኛ አላይም ብላ። ከዚያ ብርሃኑ ተመለሰ። ምልምሎቹ ደንግጠው ሲያዩዋት ሳቀች። «ይሄም ያጋጥማል» አለቻቸው፤ ፊቷን በውኃ ታጥባ፣ ይስማው ሽጉጡን አይቶ ደህና ነው ካላት በኋላ ሦስት ጥይት ጨምራ ተኩሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ለባሏም አልነገረችውም። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስደነግጠው ሌላውን ሰው እንጂ እሷን እንዳልሆነ አምና ነበር።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ነገረቻቸው።

«ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን ነው እጅሽ ያደረገው» አሏት። «ፊትሽን ሊያድን ሸሸ። ማንም ቁም ስላላለው እስካሁን ይሸሻል። እናስቆመዋለን። ሦስት ሳምንት ይበቃል።»

«ምልምሎቹን ልሸኛቸው?»

«እንደ ፈቀድሽ።»

ወደ ምልምሎቹ ዞረች። ሁለት ወር ሙሉ «ፍርሃት የሚባል ነገር ከበር ውጭ ጥላችሁ ኑ» ስትላቸው የከረመችው እነዚህን ልጆች ነው። እንዲሄዱ ልታዝ አፏን ከፈተች። አንዷን አየቻት፤ ያቺ መጀመሪያ አንገቷን የደፋችውን። ልጅቷ አሁን አንገቷን አልደፋችም፤ እርሳሷን ይዛ የራሷን እጅ እያየች ነው።

«ደብተራችሁን አውጡ» አለች የኔነሽ። «አሁን ያያችሁት ስህተት ነው። የኔ ነው። እንዴት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚድን ጻፉ።»

ያን ቀን የተጻፈውን ያህል በዚያ ካባ ተጽፎ አያውቅም።

ሥራው ቀላል ነበር፤ አሰልቺም ነበር። ማለዳ ሠላሳ ጊዜ በባዶ ሽጉጥ ምላጭ መሳብ፤ ሽምብራው ሳይወድቅ። ከዚያ ካባ ወርዶ ሌላ ሰው በሞላው ካዝና መተኮስ፤ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው የወይራ እንደሆነ ሳያውቁ። ካዝናውን እንዲሞላላት አወቀን ጠየቀችው። ትንሽ አመነታ።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ ደብረ ታቦር መሄድ እፈልጋለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ግን አንቺን አሸንፌ ነው መሄድ የምፈልገው። አንቺ ታመሽ የቀረሽበት ውድድር ምን ይረባኛል? አምጪው ካዝናውን።»

በመጀመሪያው ሳምንት የወይራዋ በመጣች ቁጥር አፈሙዙ ተደፋ። ምልምሎቹ በየተራ እየቆጠሩ ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ «ተደፋ! ተደፋ!» የመጀመሪያ ቀን ፊቷ ጋለ፤ በሦስተኛው ቀን አብራቸው ሳቀች። በሁለተኛው ሳምንት መደፋቱ ቀረና መንቀጥቀጥ ሆነ። ዓይኗን መግለጥ ነበር የከበዳት። ሽጉጡ ሲጮህ ከአፈሙዙ የምትወጣውን ብልጭታ እስክታያት ድረስ ታገለች፤ አንድ ጠዋት አየቻት። ቢጫ፣ የጥፍር ያህል ትንሽ፣ ወዲያው የምትጠፋ። ፊቷ ምንም አልሆነም። ደግማ ተኮሰችና ደግማ አየቻት፤ እንደ ሕፃን ደስ አላት።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ አወቀ ካዝናውን ሞልቶ ሰጣት፤ ፊቱ ላይ ምንም ነገር አይነበብም። አነጣጥራ ሳበች። ጠቅ። አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከፍታ አወጣችው፤ የወይራ። ቀጣዩ እውነተኛ ይሆናል ብላ ሳበች። ጠቅ። ሦስተኛው። ጠቅ። አራተኛው ላይ ሊሆን የሚችለውን ማሰብ ተወች፤ የማነጣጠሪያውን ጉብታ ብቻ እያየች ጣቷን ቀስ አድርጋ ሰበሰበች። ጠቅ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛውም ጠቅ ሲል ሽጉጡ መዳፏ ውስጥ ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ነገር ቆሞ ነበር።

«ስምንቱንም የወይራ አደረግህብኝ እንዴ?»

አወቀ ፈገግ አለ። «አንዱም አልተደፋ።»

ምልምሎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ስምንት እውነተኛ ጥይት ሞላላት። ወረቀቱን ነቅላ ስታመጣው ስምንቱም ቀዳዳ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ነው፤ አምስቱ ተያይዘው አንድ ሆነዋል። ኮማንደር ተክለሃይማኖት ወረቀቱን ወስደው ወደ ብርሃን ዘርግተው አዩት። በማግስቱ እሷና አወቀ ኮማንደሩ ፊት ተወዳደሩ። በሦስት ነጥብ በለጠችው። ወደ ዞን የተላከው ስም የሷ ሆነ፤ አወቀም በተጠባባቂነት አብሯት እንዲሄድ ኮማንደሩ ፈቀዱለት።

ፋሲካ አልፎ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ደብረ ታቦር ላይ ሠላሳ ሁለት ተኳሾች ተሰለፉ። በማጣሪያው ሃያ አራቱ ተሰናበቱ፤ ቀጥሎ ስድስት ቀሩ፤ በመጨረሻም ሁለት። ከሷ ጋር የቀረው ከላይ ጋይንት የመጣ እንየው የሚባል ምክትል ኢንስፔክተር ነው፤ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ እጁ የማይቸኩል ሰው። እያንዳንዳቸው አሥር ጥይት፤ አምስት፣ ከዚያ እንደገና አምስት።

የኔነሽ የመጀመሪያዋን መሀል ከተተች፤ አሥር። ሁለተኛዋን ልትስብ ስትል ከጎኗ የእንየው ሽጉጥ ጮኸ። እጇ ሸሸ። አወቀችው፤ ጥይቱ ሳይወጣ በፊት አወቀችው። ዳኛው በመነጽር አይተው ጠሩ፤ «ስድስት!» ሰው አጉረመረመ። ከተመልካቹ አንዱ፣ «አለቀላት፤ ሰምቼ ነበር ዘንድሮ እንደማይሆንላት» ሲል ሰማችው።

ሽጉጡን ዝቅ አደረገች። የተሰጠው ጊዜ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ገና ብዙ አለ። መዳፏ አልቧል። የካቲት ላይ ቢሆን ኖሮ ምን እንደ ነካት ሳታውቅ መያዣውን አጥብቃ ትጨብጥ ነበር። አሁን ታውቀዋለች። መጣህ አይደል፣ አለችው በልቧ፤ ቆይ፣ ቁም። መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። እንየው ሁለት ጊዜ እስኪተኩስ ጠበቀች፤ ድምፁን ዓይኗን ገልጣ ሰማችው። ከዚያ ሽጉጧን አነሳች።

ዘጠኝ። አሥር። ዘጠኝ።

ከግማሹ በኋላ እንየው አርባ ሰባት፣ እሷ አርባ አራት። አወቀ ውኃ አቀበላትና ምንም አላለም። ያን ዝምታውን እስካሁን ታመሰግነዋለች።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ሰውየው፣ ተመልካቹ፣ ነጥቡ ሁሉ ከፊቷ ሄደ። የቀረው ጥቁሩ ክብና ትንሿ ጉብታ ነው። ጣቷን ሰበሰበች። ብልጭታዋን አየች። «አሥር!» እንደገና። «አሥር!» ሦስተኛው ላይ ተመልካቹ ወደ ፊት ተጠጋ። «አሥር!» አራተኛው ላይ ከበስተኋላ አንዲት ሴት «እሰይ!» ስትል ሌላው ዝም በይ አላት። «አሥር!»

አምስተኛውን ከመተኮሷ በፊት ለረዥም ጊዜ አነጣጥራ ቆመች። አልቸኮለችም። እጇም አልቸኮለ። ሽጉጡ ሲጮህ ራሷ እንኳ እንዳልጠበቀችው ሆና ነው የሰማችው።

ዳኛው መነጽራቸውን አንድ ጊዜ አነሱ፤ አወረዱ፤ ደግመው አነሱ።

«አሥር!»

ዘጠና አራት። እንየው ዘጠና ሁለት። እልልታው ከየት እንደተነሳ አልታወቀም፤ ከሁሉም በኩል መጣ። አወቀ ተወዳዳሪዋና ተጠባባቂዋ መሆኑን ረስቶ ከመሬት አነሳት። እንየው ሽጉጡን አስረክቦ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛዋን ስትስቺ አይቼሻለሁ» አላት። «ከዚያ በኋላ እንዴት ተመለስሽ? እኔ ብሆን እዚያው እቀር ነበር።»

የኔነሽ ሳቅ አለችና ዙሪያዋን አየች። የየወረዳው ፖሊሶች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ቀረብ ብለው መልሷን ይጠብቃሉ።

«ፈርቼ ነበር» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሁለት ወር ሙሉ ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴን ግን አላውቅም ነበር። ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ።» ዋንጫውን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ነገረቻቸው፤ ስለ ተሰነጠቀው ቀለህ፣ ስለ ወይራዎቹ፣ አሥራ አራት ሰው ፊት አፈሙዟ ስለ ተደፋበት ረቡዕ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሽበታም፣ የራሳቸውን እጅ ሲያዩ አስተዋለች።

ወደ መካነ ኢየሱስ ሲመለሱ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ጋሼ ይርዳው ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ አሸነፍኩ!»

«ስንት?»

«ዘጠና አራት!»

ሽማግሌው ድምፃቸው ውስጥ ደስታቸውን መደበቅ እያቃታቸው፣ «ስድስቱን የት ጣልሻቸው?» አሉ።

የኔነሽ እስከ እንባዋ ሳቀች። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ሾፌሩም ምክንያቱን ሳያውቅ እየሳቀ ጡሩምባውን ነፋ።